ከተራራ የመጣው እሬት ለምን በሰበሰ?

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወጣ ብሎ ያለውን ማሳዬን በእሬት ላጥር ብዬ በሐምሌ ከተራራ በባጃጅ ሞልቼ አመጣሁ። ጠዋት ማታ ውሃ ነስቼው አላውቅም፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ፣ እየላመ ይወድቃል። ምን መድኃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለመድኃኒት ገንዘብ አያውጡ። እኔ የምጠረጥረው ውሃውን ነው። ባጃጅ ከሞላ ያመጡት ትልልቁን መሆን አለበት። ትልቅ እሬት ሲነቀል ሥሩ እየተቆረጠ ይቀራል፤ ያ ቁስል ሳይደርቅ ክረምት ባጠገበው አፈር ተቀብሮ በላዩ ውሃ ሲጨመርበት ከሥር ይበሰብሳል። ቢጫውን ጥም አድርገው አይተውታል፤ እሬት ግን ስንቁን በቅጠሉ ይዞ ነው የመጣው።

ገና ጠንካራ የሆኑትን ዛሬውኑ ይንቀሏቸው። የላመውንና የጠቆረውን፣ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ድረስ በተሳለ ቢላ ይቁረጡ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ቢላውን በበረኪና ይጥረጉ። ከዚያ ዝናብ በማይነካው ጥላ ከ5 እስከ 7 ቀን ያስቀምጧቸው፣ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይያዝ። አይሞቱም፣ አይስጉ። ሲተክሉ ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩና ግማሹን አፈር፣ ግማሹን ለብሎኬት የሚውለውን የፑሚስ ፍርፋሪ ያድርጉ፤ እናንተ ጋ እሱ አይቸግርም። ቅጠሉ አይቀበር። ለአንድ ሳምንት ጠብታ ውሃ አያፍስሱበት፤ ከዚያ በኋላም ክረምቱ እስኪወጣ ዝናቡ ይበቃዋል።

አንድ የሚከነክነኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። ክረምት በገባ ቁጥር ትልልቁ እሬት እየተነቀለ ከተራራ ሲወርድ አያለሁ። አበባ የሚያወጣውና ዘር የሚጥለው እኮ እሱ ነው! አብዛኛው እሬት በራሱ የአበባ ብናኝ ዘር አይቋጥርም፤ ንብና ወፍ ከሌላ እሬት ማምጣት አለባቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሲነቀሉ የቀሩትም ይመክናሉ። ከአገራችን ውጭ የትም የማይበቅሉ የእሬት ዓይነቶች አሉን። የዱር እሬት ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚቆጣጠረውም በከንቱ አይደለም።

ለአጥርዎ የጎረቤት ግቢ ይበቃል። ከእናቲቱ ሥር ከበቀሉት ቡቃያዎች መዳፍ የሚያህሉትን ከነሥራቸው ለይተው ይውሰዱ፣ እናቲቱን አይንኩ። እነሱንም ቁስላቸው እስኪደርቅ በጥላ ያቆዩ። ተራራ ላይ ቡቃያ የማያወጣ ነጠላ እሬት ካጋጠመዎት ግን ይተዉት፤ ፍሬው ደርቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ከየተክሉ ጥቂት ዘር ብቻ ለቅመው በዚያው በፑሚስ ድብልቅ ላይ ይዝሩ።