የገዛችሁትን መጽሐፍ ሽጡ፣ ኮፒውን ግን ተዉት

ልጆቼ፣ አሮጌ መጽሐፍ መሸጥ ነውርም ወንጀልም አይደለም። ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ላስቲክ ዘርግታችሁ የምትሸጡ ወጣቶች፣ «ደራሲው ሳይፈቅድ እንዴት ትሸጣላችሁ?» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ አትደንግጡ።

አንድ መጽሐፍ ላይ ሁለት ባለቤት አለ። ድርሰቱ የደራሲው ነው። ከፍላችሁ የወሰዳችሁት ወረቀትና ጥራዝ ግን የእናንተ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሕግ ካልከለከለው በቀር ባለቤት ንብረቱን መሸጥም በነጻ መስጠትም እንደሚችል ይደነግጋል። ዕድሜዬን በጥብቅና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ያነበባችሁትን መሸጥ በዚህ መብት ውስጥ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ጥያቄው ሌላም አገር አከራክሯል። አሜሪካ ውስጥ ቦብስ ሜሪል የተባለ አሳታሚ አንድ ልብ ወለድ ላይ «ከ1 ዶላር በታች መሸጥ የቅጂ መብት መጣስ ነው» ብሎ አተመ። ሜሲስ የተባለው ትልቅ መደብር በ89 ሳንቲም ቸበቸበው። በፈረንጆቹ 1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመደብሩ ፈረደ። አሳታሚው አንዴ ከሸጠ በኋላ፣ ቀጣዩ ሰው በስንት እንደሚሸጥ መወሰን አይችልም ተባለ። በ2013 ደግሞ አንድ ታይላንዳዊ ተማሪ ዘመዶቹ አገር ቤት በርካሽ ገዝተው የላኩለትን የትምህርት መጻሕፍት እዚያው አሜሪካ ሲሸጥ ተከሰሰ፤ እሱም ረታ። ውሳኔዎቹ እኛን አያስገድዱም። ክርክራቸው ግን ለእኛም ልክ ይመስለኛል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሽፋኑ የደበዘዘ፣ መስመሩ የተንጋደደ፣ ገጾቹ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ጥላ ያለበት፣ አንዳንዴም የገጽ ቁጥሩ የተቆረጠ መጽሐፍ ሲያመጡላችሁ፣ ያ አሮጌ መጽሐፍ አይደለም። ፎቶ ኮፒ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ማባዛትና ማሰራጨት የደራሲው መብት ነው። መብቱ በሕይወት እያለ ብቻ ሳይሆን ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሆን ብሎ መጣስ በጽኑ እስራት ያስቀጣል። እኔን ግን ከቅጣቱ በላይ የሚያመኝ ሌላ ነው። እኛ አገር ስንቱ ደራሲ ተበድሮ አሳትሞ፣ መጽሐፉን ራሱ ተሸክሞ ይዞራል! ኮፒው ገበያውን ሲይዘው ያ ሰው ሁለተኛ መጽሐፍ በምን ያሳትማል?

ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ መልቀቅም ያው ነው። «ለጓደኛዬ አዋስኩ» አትበሉኝ። መጽሐፍ ስታውሱ ከእጃችሁ ይወጣል። ፋይል ስትልኩ ግን የእናንተም እናንተው ጋ ቀርቶ ሌላ ቅጂ ይወለዳል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በፈረንጆቹ 2019 ያገለገለ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍን እንደ ወረቀቱ መልሶ መሸጥ አይቻልም ብሏል።

ስለዚህ ዕቃ ስትረከቡ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። አንድ ሰው የአንድን መጽሐፍ ሃያ ተመሳሳይ ቅጂ ይዞ ከመጣና ምንጩን መናገር ካልፈለገ አትቀበሉት። ደህናው ሰዓት ምረቃ ሲቃረብ ነው። ያኔ ተመራቂዎች ሻንጣ ለማቅለል መጽሐፎቻቸውን በቅናሽ ይለቃሉ፤ ስማቸው የተጻፈበትን፣ በእስክሪብቶ የተሰመረበትን ሳትንቁ ግዙ።