ሜቲዮር 350 ወይስ ክላሲክ 350፣ ለአጭር ሰው?

ከሁለቱ የሮያል ኤንፊልድ ሞተር ሳይክሎች የቱን ልግዛ ላልከኝ፣ ሜቲዮሩን ውሰድ። ቁመትህ 1.62 ሜትር ነው፣ እግርህ መሬት ካልነካም ትፈራለህ። የሜቲዮር መቀመጫ ከመሬት 765 ሚሊ ሜትር ነው፣ የክላሲኩ 805። አራት ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ለገጣፎ ኮብልስቶን ላይ ቆመህ ሚኒባስ ስታሳልፍ ግን ይገባሃል።

«የቱ ይጎትታል?» ላልከው፣ የሁለቱም ሞተር አንድ ነው፤ 349 ሲሲ፣ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ከዚያም ላይ የእኛ የደጋ ስስ አየር ሩብ ያህሉን ይበላዋል። በሰንዳፋ መንገድ ዱብ ዱብ እያለ ሸጋ አድርጎ ይወስድሃል። ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ በተለይ ከኋላ ሰው ከጫንክ፣ ማርሽ ቀንሰህ መታገስ ነው። መቸኮል የሚያምርህ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

የሜቲዮሩን ክብደት ግን አትናቅ፤ 191 ኪሎ ነው። እኔ ክረምት ላይ ግቢ በር አቁሜው ቡና ልጠጣ ገባሁ። ጭቃው የጎን ማቆሚያውን ቀስ እያለ ውጦት ኖሯል፣ ስወጣ ተጋድሟል። ከዘበኛው ጋር ተጋግዘን አነሳነው። መስታወቱና የፍሪሲዮን እጀታው ተሰብረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማቆሚያው ስር የማስገባት መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ጣውላ ከቦርሳዬ አትጠፋም።