ጭድ ሞልቶ በሬው ለምን ይከሳል?

ከኮምቦልቻ ዙሪያ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ሁለት የእርሻ በሬዎች አሉኝ። የጤፍ ጭዱም የማሽላ አገዳውም ተርፎኛል። እነሱ ግን ትንሽ ቀማምሰው ይተዉታል። ተኝተው ሲያመነዥኩ ይውላሉ፤ እያደር ግን ከሱብኝ። ታመው ይሆን?»

ያመነዥካሉ ካሉ ስጋቴ ግማሹ ቀለለ። በጠና የታመመ ከብት አብዛኛውን ጊዜ ማመንዠኩን ይተዋል። የጉበት ትል ግን ቀስ በቀስ ስለሚያከሳ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ረግረጉ ላይ የሚያሰማሩ ከሆነ እበታቸውን አንዴ ያስመርምሩ። ከዚያ ውጪ ነገሩ የጭዱ ይመስለኛል።

በሬዎ መብላት የሚያቆመው ጠግቦ አይደለም፤ ቦታ አጥቶ ነው። በዓል ሲሆን ጨጓራና ሽንፍላ ሲታጠብ አይተዋል። የበላው ነገር በደንብ ካልደቀቀ ከጨጓራ ወደ ሽንፍላ አያልፍም። ለጋ ሣር ቶሎ ይልማል፣ ቶሎ ቦታ ይለቃል። አገዳ ግን እዚያው ተወትፎ ይሰነብታል። ሆዱ ሙሉ ነው፣ ገላው ተርቧል።

ደግሞ መኖውን የሚያብላሉት ጨጓራው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተዋህስያን ናቸው። እነሱም ቀለብ ይፈልጋሉ። መኖው በደረቁ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ውሃ ሳይቆጠር፣ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ከሌለው ሥራቸው ይደክማል። ጭድና አገዳ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው ያለው። ስለዚህ 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከጥሩ ድርቆሽ በቀን 6 ኪሎ ቢበላ፣ ከአገዳ 4 ኪሎ ላይ ሊያቆም ይችላል። ያም 4 ኪሎ ጉልበት የለውም።

እበቱን ይዩት። ደረቅ ብሎ፣ ተደራርቦ፣ ጭራሮው እየታየ ከወደቀ ፕሮቲን ጎድሎታል ማለት ነው። እኔ በረት ስገባ ከበሬው በፊት የማየው እሱን ነው።

እንግዲህ ጭድ መጨመር አይረዳዎትም። ለእያንዳንዱ በሬ በቀን ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) ከ1 ኪሎ ፉርሽካ ጋር ይስጡ። ጭዱን ራሱ ከበፊቱ አብልጠው ሲበሉ ያያሉ። ፋጉሎ ተወደደ ካሉ፣ የኮምቦልቻ አየር ለሰስባንያና ለሉሲንያ፣ ለመኖ ለሚተከሉት ዛፎች፣ ይስማማል፤ ቅጠላቸውን እየቆረጡ መስጠት ነው። ሉሲንያ ግን ከመኖው ሲሶ አይበልጥ፣ ሲበዛ ይጎዳል። ደጋው ደሴ ላይ ላለ ሰው ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ይሻለዋል። አገዳውንም ይከትክቱት፣ ውሃም አይጉደል፤ የጠማው በሬ ደረቅ መኖ አይበላም።

ጭዱን በዩሪያ፣ በማዳበሪያው፣ ማከምም አለ። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጠው 100 ኪሎ ጭድ ላይ እያርከፈከፉ ይረግጡታል፤ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍነው 21 ቀን ያቆዩታል። ከመስጠትዎ በፊት ሽታው እንዲወጣ ተበትኖ ይደር። ለጥጃና ለአህያ አይሰጥም። ብጥብጡን ደግሞ በምንም ዓይነት ደጅ ትተውት አይሂዱ። ከብት ከጠጣው ይገድላል።

ለከርሞው ሣሩን ማበብ ሲጀምር ይጨዱት። አብዛኛው ሰው እህሉን ሰብስቦ ሲጨርስ ነው ወደ ሣር የሚዞረው፤ ያኔ ሣሩ ከጭድ ብዙም አይሻልም። ሥራ እንደሚደራረብብዎት አውቃለሁ። ለሁለቱ በሬዎች የምትሆን አንዲት ጥግ እንኳ ብትታጨድ ይበቃኛል።