ጥያቄና መልስ፦ በወሎ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሁሉንም ተማሪ ማካተት

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያና ከከሚሴ ለተላኩ ጥያቄዎች አንድ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ የሰጡት መልስ ነው።

ዓይነ ስውር ተማሪ ነኝ፤ የምማረው አማርኛ ትምህርት ክፍል ነው። ሞጁል በሶፍት ኮፒ ሰጡኝ፤ ኤንቪዲኤ (በኮምፒዩተር ላይ ያለ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር) ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ያነብልኛል። ችግሩ ከኮምፒዩተሬ ይሆን?

አብሽሪ እህቴ፣ ኮምፒዩተርሽ ደኅና ነው። ሞጁሉ የተተየበው ዩኒኮድ (ለአማርኛ ፊደላት የራሳቸውን ኮድ የሚሰጠው አሠራር) ባልሆነ የድሮ የፊደል ዓይነት (ፎንት) ነው። ዓይን «ሀ» ብሎ የሚያየው ከሥሩ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ኮድ ስለሆነ፣ ስክሪን ሪደሩ ያንኑ ያነባል። ለማረጋገጥ መምህሩ ፋይሉን በወርድ ከፍተው የአንዱን አንቀጽ ፎንት ኒያላ ወደተባለው የዩኒኮድ ፎንት ይቀይሩት፤ ጽሑፉ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ አለበት።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ደግሞ ሞጁሉ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው ማለት ነው። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ከፎቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ቅርጻቸው የሚቀራረብ ፊደሎችን ስለሚያምታታ ግን የሚያይ ሰው ሳያርመው አትቀበዪ። ድምፁን በተመለከተ፣ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የንባብ ድምፅ አማርኛ ስላለው ከድምፅ ማስተካከያው ምረጪው።

ለመምህራን፦ ርዕሶችን በማድመቅ ብቻ ሳይሆን በወርድ የርዕስ ስታይል አበጁ። ያኔ ተማሪዋ ኤች ቁልፍን እየተጫነች ከርዕስ ርዕስ ትሄዳለች። ያለዚያ 120 ገጽ ከላይ እስከ ታች መስማት ሊኖርባት ነው። ሞጁሉን ክፍል ከመጀመሩ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ስጡ፤ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሲደርስ የተሰጠ ሞጁል አይጠቅማትም።

መምህር ነኝ። ለዓይነ ስውር ተማሪዬ በስታትስቲክስ ፈተና አንባቢ መደብኩለት፤ ውጤቱ ግን ከሚያውቀው በታች ሆነ። ለምን?

አንባቢው የትምህርቱ ሰው ካልሆነ ቀመር አሳስቶ ያነባል። «ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ሲካፈል ለሁለት» ቢል፣ ለሁለት የተካፈለው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ድምሩ በሙሉ? ተማሪው አንዱን ገምቶ ይሠራል፤ መልሱም ከዚያው ይበላሻል። ስለዚህ አንባቢው ከዚያው ትምህርት ክፍል የላይኛው ዓመት ተማሪ ወይም ረዳት መምህር ይሁን። ጥያቄውን 30 ደቂቃ ቀድሞ ይየው፤ «ቅንፍ ተከፈተ፣ ቅንፍ ተዘጋ» እያለ ያንብብ። ሰዓትም ይጨመር፤ የሁለት ሰዓት ፈተና ሦስት ሰዓት ቢሆን ተገቢ ነው። ክፍሉ የብቻው ይሁን፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ባሉበት ጮክ ብሎ ማንበብ አይቻልምና። ይህ ችሮታ አይደለም፦ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በተመለከተ አማራጭ የፈተና ዘዴን ይጠቅሳል።

ደሴ፣ የግቢ ጥገና ክፍል ነኝ። መግቢያው ሦስት ደረጃ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ሁለት ሜትር ራምፕ (የዊልቸር ተዳፋት መንገድ) ይበቃል?

አይበቃም። ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ለ45ቱ 5.4 ሜትር። በሁለት ሜትር ከሠራችሁት ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ቦታ ካጠረ መሐል ላይ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ማረፊያ ሠርታችሁ እጠፉት። በሩ ፊትም እንዲሁ ጠፍጣፋ ማረፊያ ይኑር፤ ተዳፋት ላይ ቆሞ በር መክፈት አይቻልም። መደገፊያ ብረቱ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ሴራሚክ አታንጥፉ፤ በደሴ ክረምት ሰው ይጥላል። ሲሚንቶውን በመጥረጊያ ሻካራ አድርጉት። ራምፑ ጠጠር ላይ ካበቃ ደግሞ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

የአገሪቱ የሕንፃ ሕግ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ግዴታ ጥሏል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ግን ግንባታ አትጠብቁ። ተማሪው ያለበትን ሴክሽን ምድር ቤት ማውረድ የሬጅስትራር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ ሲሆን ግን የሁሉም መምህር ሰዓት ይናጋል።

መስማት የተሳነው ተማሪ ተመድቦልናል። አንድ አስተርጓሚ ይበቃል?

ለሦስት ሰዓት ክፍል አይበቃም፤ በየ20 እና 30 ደቂቃው የሚቀያየሩ ሁለት ያስፈልጋሉ። ከዚያ በላይ እጅም አእምሮም ስለሚደክም ትርጉሙ ይጎድላል። መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ ባያወራ፣ ሲጽፍም ዝም ቢል ጥሩ ነው።

ካፌ ነው የምንሠራው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ሲገቡ ምን እናድርግ?

በ2018 ሁለቱም የገቡት በየካቲት ሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ ደግሞ ሁሌም እንዲህ አይገጥሙም። ሲገጥሙ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምሳው ይቆየው፤ ለጿሚው ሙስሊም ማፍጠሪያው በመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ)፣ ሱሁሩም (ከንጋት በፊት የሚበላው) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ይዘጋጅ። ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) ለሱሁር የዶርም በር እንዲከፍቱ ቀድሞ በጽሑፍ ይነገራቸው። ከአዲስ ተረኛ ጋር የሚፈጠረው ጭቅጭቅ ሁሉ ካልተነገረው ነው። የጾሙ ወጥ ጭልፋና ድስቱ ይለይ፤ ተማሪ በዚህ ላይ እምነት ካጣ ሳይበላ ይውላል። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ፣ ከቀትር በኋላ ያለ ላብራቶሪ ከ7:30 በፊት አይጀምር።

ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ብናዘጋጅም አይመጡም።

ሰዓቱንና ስሙን እዩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ መብራት በሌለው መንገድ ከሆነ አይመጡም፤ ልክም ናቸው። «ለደካማ ሴቶች» የሚል ማስታወቂያም ያሸሻል። በኮርሱ ስም ጥሩት፣ ዶርማቸው አጠገብ በ10 ሰዓት አድርጉት፤ ሚድን ሳትጠብቁ ከመጀመሪያው ኩዊዝ ማግስት ጀምሩ።

ከአፋር፣ ከዋግ፣ ከከሚሴ የሚመጡ ልጆችን በዶርም እንዴት እንደልድል?

በትምህርት ክፍል ደልድሉና ቀላቅሉ። ግን አንዱን ልጅ ቋንቋውን የሚናገር በሌለበት ክፍል ብቻውን አትጣሉት፤ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። የአቀባበል ገለጻው በአማርኛ ብቻ ከሆነ የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ) ቀን የሚያልፈው እነሱን ነው፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በአፋርኛና በኽምጣኛም ለጥፉ። የጥሪ ማስታወቂያው ላይ «ብርድ ልብስ» ከማለት ጋር ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ መሆኗን ጻፉ። ከቆላ የሚመጣ ልጅ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣና የመጀመሪያውን ወር በጉንፋን ከክፍል ይቀራል። ለእነዚህ ልጆች የተማሪዎች አገልግሎት ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ ይያዝ።