የመሃል ሜዳው ለማን ይሰጥ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የተመረጡት ሦስት ጥያቄዎች ከአዳማ የተላኩ ሲሆን፣ ሦስቱም የአሜሪካን ቤዝቦል በተለይም የዋሽንግተን ናሽናልስን የተጫዋቾች ምርጫ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚኖር እኔም ከእሱ ጋር ስከራከር የናሽናልስ ደጋፊ ሆኜ ቀርቻለሁ። የሥራ ቀን ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7፡45 ላይ ስለሚጀምሩ እሱ በማግስቱ በቴሌግራም የሚልክልኝን ቅንጭብ ነው የማየው። ቡድኑ ጄምስ ውድን፣ ዲላን ክሩስንና ዴይለን ላይልን የመሰሉ ወጣት መቺዎች እያሉት፣ በ2025 የመምታት አማካዩ (ከመምታት ሙከራዎቹ ውስጥ የተሳኩት ድርሻ) 0.231 ብቻ የነበረውን፣ ሆም ረንም (አጥር የሚያልፍ ምት) ከስንት አንዴ የሚመታውን ጄከብ ያንግን መሃል ላይ የሚያሰልፈው ለምንድን ነው? እኛ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ገብተን አዳማ ከተማን ስንደግፍ ጎል ማግባት ያቃተው አጥቂ ቶሎ እንዲቀየር እንጮኻለን። ወንድሜ ግን «አንተ ኳስ ሲመታ እንጂ ሲያዝ አታይም» ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?
ፍራንኮ አካባቢ ነዋሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ በዚህ ክርክር ወንድምዎ ይረቱዎታል፤ ይሁንና ጥያቄዎ ጨዋታውን ለረጅም ዘመን የተከታተሉ ደጋፊዎችንም የሚያነታርክ ስለሆነ ምላሹ ሰፋ ብሎ ቢቀርብ ይሻላል። የእግር ኳሱን ምሳሌ ከአጥቂው ላይ አንስተው ወደ መሃል ተከላካዩ ቢወስዱት ነገሩ ይቀልልዎታል፤ ጎል አላገባም ተብሎ ከሜዳ የወጣ የመሃል ተከላካይ እስከ ዛሬ አላየንምና።

ሯጮች በተራ ከሚደርሱባቸው ማረፊያዎች፣ ከቤዞቹ፣ ጀርባ ያለውን ሰፊ ሣር የሚጠብቁት የግራ፣ የመሃልና የቀኝ ተጫዋቾች የሚባሉ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። በናሽናልስ ስታዲየም ከመቺው መቆሚያ እስከ መሃለኛው አጥር ያለው ርቀት 402 ጫማ ወይም 122 ሜትር ከግማሽ ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ የጎን መስመሮች በኩል ግን ከ102 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ የግራውና የቀኙ ተጫዋች በአንድ ወገን የሜዳው መስመር ያግዛቸዋል፤ ከመስመሩ ውጪ የወደቀ ኳስ ምት ሆኖ አይቆጠርምና። የመሃሉ ሰው ግን ቀኙም ግራውም ክፍት ነው፤ ከፊቱም የሚወርድ፣ ከራሱ በላይ የሚያልፍም ኳስ አለበት። ሁለት ተጫዋቾች ወደ አንድ ኳስ ሲሮጡ «የእኔ ነው» ብሎ ሌላውን የማስቆም ቅድሚያም በልማድ የተሰጠው ለእሱ ነው።

ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ ሜጀር ሊጉ፣ ከ2015 ጀምሮ በስታዲየሞቹ ሁሉ በዘረጋው የመለኪያ መሣሪያ መሠረት፣ የአንድ አማካይ ተጫዋች የሩጫ ፍጥነት በሰከንድ 27 ጫማ ሲሆን እጅግ ፈጣኖቹ 30 ጫማና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። አየር ላይ አራት ሰከንድ የሚቆይ ኳስ ቢመታ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ ይህም ኳሱ ጓንት ውስጥ በመግባቱና ሣር ላይ ወርዶ እስከ አጥሩ በመንከባለሉ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከፍጥነቱም በላይ ዋጋ ያለው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ያንግ ኳሱ ከዱላው ሲነሳ ገና በድምፁና በአቅጣጫው ለይቶ ይነሳል። በ2024 ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግ የመሃል ሜዳ የወርቅ ጓንት ሽልማት ከቀረቡት ሦስት የመጨረሻ እጩዎች አንዱ የሆነውም ሽልማቱ በመከላከል ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ እንጂ በመምታቱ አይደለም።

ወንድምዎ የ2025 መስከረም 21ን ጨዋታ ቅንጭብ ልከውልዎት ከሆነ ደግመው ይዩት፤ ካልላኩልዎት ይጠይቋቸው። ናሽናልስ በኒው ዮርክ ሜትስ ሜዳ እየተጫወቱ ሳለ ብሬት ቤቲ የመታው ኳስ ወደ መሃለኛው አጥር ሲሄድ ያንግ ደረሰበት፤ ኳሱ ከጓንቱ ሾልኮ ወደ እግሩ ሲወርድም በጫማው አንጥሮ፣ መሬት ሳይነካ መልሶ ያዘው። በዘጠነኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ደግሞ ናሽናልስ 3 ለ 2 እየመሩ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ውጤቱን እኩል ሊያደርግ የነበረ ኳስ ሲመታ፣ ያንግ አጥሩ ላይ ዘሎ ከሆም ረን አስቀረው። ጨዋታው በዚያው ውጤት አበቃ። ሜትስ የውድድር ዘመኑን ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር እኩል 83 ጨዋታ አሸንፈው ጨርሰው፣ እርስ በርስ በነበራቸው ውጤት ተበልጠው ከማጣሪያው ውጪ ቀሩ። የቀድሞውን የናሽናልስ ኮከብ ሁዋን ሶቶን ይዘው ነው ይህ የደረሰባቸው፤ የሶቶ መሸጥ እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው የዋሽንግተን ደጋፊዎች በዚያን ቀን ትንሽ ሳይጽናኑ አልቀሩም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ያንግ 0.231 የሚመታ ከሆነ፣ በእሱ ቦታ 0.261 የሚመታ ሌላ ሰው ቢቆም በ400 የመምታት ሙከራ ውስጥ የሚገኘው ትርፍ 12 ምት ነው። የመደበኛው ውድድር ዘመን ስድስት ወር ያህል ስለሚፈጅ ይህ ማለት በሁለት ሳምንት አንድ ምት ማለት ነው፤ አብዛኛውም አንድ ቤዝ ብቻ የሚያስገኝ ምት ይሆናል። መሃል ላይ የቆመው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላው የማይደርስበትን አንድ ኳስ ቢይዝ፣ ያ ኳስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቤዝ የሚያስገኝ በመሆኑ ጉድለቱን ከነትርፉ መለሰው ማለት ነው። ቴሌቪዥን የተመታውን ደጋግሞ ስለሚያሳይ ያልተመታው ሒሳብ ውስጥ አይገባልንም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቦስተን ሬድ ሶክስ በ2018 መደበኛውን ዘመን 108 ጨዋታ አሸንፈው የሜጀር ሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ ሲያነሱ መሃል ላይ የቆመው ጃኪ ብራድሊ ጁኒየር ነበር። አማካዩ 0.234 ነበር፤ ከያንግ ጋር ይቀራረባል። በዚያው ዓመት ግን የወርቅ ጓንት ወሰደ፤ በአሜሪካን ሊግ የፍጻሜ ግጥሚያም ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። እዚህ ላይ ግን እርስዎን የሚደግፍ ነጥብ አለ። ቦስተን ብራድሊን መሸከም የቻለው በቀኙ የዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተብሎ የተመረጠውና 0.346 የመታው ሙኪ ቤትስ፣ በግራው ደግሞ አንድሩ ቤኒንቴንዲ ስለነበሩ ነው። ከጎኑ የቆሙት ካልመቱ ጓንቱ ብቻውን ጨዋታ አያሸንፍም፤ ናሽናልስም በ2025 ያሸነፉት 66 ጨዋታ ብቻ ሲሆን የተሸነፉት 96 ነው።

ስለዚህ ቅሬታዎን ከመሃል ወደ ቀኝ ቢያዞሩት ፍትሐዊ ይሆናል። ከያንግ የተሻለ መቺ ነው ብለው የጠቀሱት ክሩስ በ2025 አማካዩ 0.208 ነበር፤ ያውም በ2023 ምልመላ በሁለተኛ ተራ የተመረጠ፣ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ነው። በጎን ጡንቻው ላይ በደረሰበት ጉዳት ከግንቦት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ስለራቀ በአንድ ዓመት ውጤት መፍረድ አይገባም፤ እኔም አልፈርድበትም። ክሩስ በሌለበት ወቅት የተጠራው ላይል 0.299 በመምታት ማንም ያልጠበቀውን አሳይቷል፤ ኳስ ተከትሎ በመያዝ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከወንድምዎ መኖሪያ ብዙም በማይርቀው ሮክቪል የተወለደውና ሶቶ በ2022 ሲሸጥ በምትኩ ከመጡት አንዱ የሆነው ውድ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሞላል። በ2025 ሰኔ መጨረሻ ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ተብሎ እንዳይመታ ወደ መጀመሪያ ቤዝ እንዲሄድ የተደረገ መቺ ነው፤ ይህ ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ በማንም ላይ አልደረሰም። የእሱን ዱላ ከአሰላለፍ ማውጣት አይታሰብም፤ በየቀኑ ግራ ሜዳ ላይ እንዲሮጥ ማድረግ ግን ግዴታ አይደለም።

ምርጫው ለእኔ ቢተው ያንግን መሃል፣ ክሩስን ቀኝ አቆማለሁ፤ ውድና ላይል ደግሞ የግራውን ሜዳና ሳይከላከል ብቻ የሚመታውን ሰው ቦታ እየተፈራረቁ እንዲይዙ አደርጋለሁ። ቡድኑ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ኢኒንግ እየተመራ፣ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ሆነው የያንግ ተራ ቢደርስ ለእሱ ሌላ መቺ ከመተካት ወደኋላ አልልም። በቤዝቦል የወጣ ተጫዋች በዚያው ጨዋታ ተመልሶ ስለማይገባ፣ ከዚያ በኋላ ክሩስ ወደ መሃል ይመጣና ቀኙን ከተጠባባቂ ወንበር የሚነሳ ሰው ይይዘዋል። ችግሩ ያ ወንበር በጣም ጠባብ መሆኑ ነው። አንድ ቡድን ለጨዋታ የሚያስመዘግበው 26 ተጫዋች ሲሆን ወርዋሪዎች እስከ 13 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም ቡድን ማለት ይቻላል 13ቱንም ይሞላል። ከቀሩት 13 ውስጥ ዘጠኙ ሲሰለፉ አራት ሰው ይተርፋል፤ ከአራቱ አንዱ ተጠባባቂ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዝ) ነው፤ አንድ ወይም ሁለቱ የውስጠኛውን ሜዳ ይሸፍናሉ። ለውጪው ሜዳ የሚተርፈው ቢበዛ ሁለት፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ያ አንድ ሰው መምታት ብቻ የሚችል ከሆነ አሰልጣኙ በስምንተኛው ኢኒንግ እጁ ታሰረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጎበዝ ወጣት ተጫዋቾች አንድ ሰሞን ከተጫወቱ በኋላ ወደ ታችኛው ሊግ ይመለሳሉ። ይህ ቅጣት ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ቅጣት አይደለም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ንጹሕ የስፖርት ውሳኔም አይደለም። ቡድኑ 26ቱን ጨምሮ 40 ሰው የያዘ ሰፊ ስብስብ አለው። በዚህ ስብስብ ያለ ወጣት በአብዛኛው በሦስት የውድድር ዘመናት ውስጥ ያለ ፈቃዱ ወደ ታች ሊላክ ይችላል፤ በአንድ ዘመን ግን ከአምስት ጊዜ በላይ አይላክም። ከወረደ በኋላ፣ ወርዋሪ ካልሆነ፣ የተጎዳ ሰው ለመተካት ካልተፈለገ በቀር ቢያንስ አሥር ቀን ይቆያል። የናሽናልስ ወጣቶች የሚወርዱት በኒው ዮርክ ግዛት ወደሚገኘው ሮቸስተር ነው። ሦስቱ ዓመታት ካለቁ በኋላ ተጫዋቹን ለማውረድ መጀመሪያ ለሌሎች ቡድኖች ማቅረብ ስለሚያስፈልግ በነጻ ሊወሰድ ይችላል። ሁለት እኩል የሚመቱ ተጫዋቾች ካሉና አንዱ ሊላክ የሚችል፣ ሌላው የማይችል ከሆነ፣ የሚላከው የሚችለው ነው፤ ችሎታውን ማንም አልጠየቀም።

ንጹሕ አይደለም ያልኩት ስለ ገንዘቡ ነው። በሜጀር ሊግ 172 ቀን ያገለገለ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠርለታል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላም ወደፈለገው ቡድን መሄድ ይችላል። ቺካጎ ከብስ በ2015 ክሪስ ብራያንትን ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ ሚያዝያ 17 ላይ ጠሩት፤ በዓመቱ መጨረሻ የተቆጠረለት 171 ቀን ነበር። አንዲት ቀን ጎደለች፤ እነሱም ተጨማሪ ዓመት አገኙ። ተጫዋቹ ያቀረበው አቤቱታ በ2020 ውድቅ ሆነ። በ2022 የተፈረመው ስምምነት በዓመቱ የጀማሪዎች ምርጫ አንደኛና ሁለተኛ ለወጡት ሙሉ ዓመት እንዲቆጠርላቸው በማድረጉ ነገሩ በመጠኑ ተስተካክሏል፤ በእኔ ግምት ግን ለቀሩት ወጣቶች በሩ ዛሬም ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ ጠንካራ ክንድ ያለው ተጫዋች ሁልጊዜ ቀኝ ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው?
ስማቸው እንዲቆይ የፈለጉ አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከቀኝ ሜዳ እስከ ሦስተኛ ቤዝ ያለው ርቀት ረጅሙ ስለሆነ ነው። ኳስ ወደ ቀኝ ሲመታ ከመጀመሪያ ቤዝ የተነሳው ሯጭ ሁለተኛውን አልፎ ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ይሞክራል፤ ከግራ ሜዳ ግን ሦስተኛ ቤዝ ቅርብ ስለሆነ መካከለኛ ክንድም ይበቃል። ኢቺሮ ሱዙኪ በመጀመሪያው የሜጀር ሊግ ዓመቱ፣ በ2001 ሚያዝያ 11፣ በኦክላንድ ሜዳ ከቀኝ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ቤዝ በመወርወር ቴረንስ ሎንግን ያስወጣበት ውርወራ እስከ ዛሬ ይታያል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የውስጠኛው ሜዳ ተጫዋቾች ወደ ሣሩ ወጥተው እንዳይቆሙ ስለተከለከለ፣ ቀድሞ እነሱ ይይዙት የነበረው በቀኝ በኩል ቅርብ የሚወድቅ ኳስ አሁን የቀኙ ሰው ኃላፊነት ሆኗል፤ ወደ ፊት ሮጦ አንስቶ ወዲያው መወርወር አለበት። በቅንጭቦቹ ላይ ኳስ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከኳሱ ይልቅ ሦስተኛ ቤዝ አጠገብ የቆመውን አሰልጣኝ ይመልከቱ፤ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ሯጩን ሁለተኛው ላይ ካስቆመው የቀኙን ክንድ ያውቀዋል ማለት ነው።