አንድ ቀን፣ አንድ ጠረፍ፦ ወፍም መልክዓ ምድርም ለማንሣት

ጥያቄህ «በባሕር ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ የምውለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ወፎቹንም አካባቢውንም ለማንሣት የሩቁን የሚያቀርብ 100-400 ሚሊሜትር ሌንስና ብዙ ቦታ የሚይዝ አንድ ሰፊ ሌንስ ይበቁኛል ወይ?» የሚል ነው። ይበቁሃል። ይልቅ ቀኑን ከመቁረጥህ በፊት የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ተመልከት።

በአብዛኛው ጠረፍ ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ ጭቃው ላይ ተበትነው ይርቃሉ፤ በ400 ሚሊሜትርም ነጥብ ነው የሚሆኑብህ። ውሃው ሲመለስ ግን እየገፋ ያቀርብልሃል። ስለዚህ ሙላቱ ጠዋት 2፡30 አካባቢ የሚሆንበትን ቀን ምረጥ። 2 ሰዓት ቀድመህ፣ ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ዝቅ ብለህ ተቀመጥና አትነሣ። ወፍን እየተከተሉ ማንሣት ትርፉ የጀርባ ፎቶ ነው።

ለሚበር ወፍ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ1/2000 ሰከንድ አታውርድ፤ ቆሞ ለሚለቅም 1/800 ይበቃል። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 6.3 አካባቢ አድርገህ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ትብነት) ለካሜራው ተውለት። ነጭ ሳቢሳ ጠቆር ያለ ውሃ ላይ ሲቆም ካሜራው በጨለማው ተታልሎ ብርሃን ይጨምራል፤ የላባው ዝርዝርም ይጠፋል። ብርሃኑን ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ቀንስ (1 ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው)፤ ሂስቶግራሙ፣ ማለትም የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ፣ ቀኝ ጫፉን እንዳይነካ ተከታተል።

ረፋድ ላይ አሸዋው ሲግል አየሩ ይርገበገባል። በዚያ ሰዓት ሩቅ ያለ ወፍ በየትኛውም ሌንስ ጥርት አይልም፤ ፎከሱ ተበላሸ ብለህ ቅንብር አትነካካ፣ ዕረፍ።

ወፎቹ መብላት ትተው አንገታቸውን ካቀኑ ቀርበሃል ማለት ነው፤ ቁም። ሙላቱ ላይ ተሰብስበው የሚያርፉትን ደግሞ ፈጽሞ አታስነሣ፤ የሚያባክኑት ጉልበት የሚበሉበት ጭቃ እስኪገለጥ አይተካም። ክንፏ የተሰበረ መስላ የምትንፏቀቅ ወፍ ካየህ ጎጆዋ አጠገብህ ነው። እንቁላሉ ጠጠር ስለሚመስል በመጣህበት ዱካ ተመለስ። ድሮንማ ብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም ወፎቹ እንደ ጭልፊት ነው የሚያዩት።

ማታ ተራው የሰፊው ሌንስ ነው። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት)፤ 1/60 የነበረው ሹተር 1 ሰከንድ ይሆናል። ማዕበሉ ሲመጣ ሳይሆን ወደ ኋላ ሲሸሽ ተጫን፤ ነጩ አረፋ መስመር የሚሠራው ያኔ ነው። ትራይፖዱ እርጥብ አሸዋ ላይ በእያንዳንዱ ማዕበል ትንሽ ትንሽ ይሰምጣል፣ ፎቶውም ይደበዝዛል፤ እግሮቹን አጥብቀህ ትከል፣ ከተቻለም ድንጋይ ላይ አቁመው። ጠዋት 2፡30 የሞላ ባሕር ከቀኑ 8፡40 ገደማ ጎድሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በመመለስ ላይ ነው። ከጉድለት በኋላ 3ኛውና 4ኛው ሰዓት ላይ ውሃው ከሁሉም ይፈጥናል፤ ከጠቅላላው ከፍታ ግማሽ ያህሉን በእነዚህ 2 ሰዓታት ይወጣል። ልክ አንተ በካሜራው በኩል በምታይበት ሰዓት ማለት ነው። መውጫህ ከኋላህ እንዳይቆረጥ ቀድመህ እየው።

ሌንስ ንፋስ ላይ አትቀይር። የባሕር ጭጋግ ያረፈበትን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ከፈተግክ ጨዉና አሸዋው ይጭረዋል፤ መጀመሪያ በአየር መንፊያ ንፋ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረግ። የትራይፖዱን እግሮች ዘርግተህ በዚያው ምሽት በጨው አልባ ውሃ እጠብ፣ መቆለፊያዎቹንም ፈትተህ አድርቅ፤ ከታደረ ጨዉ ብረቱን ይበላል፣ አሸዋውም መቆለፊያውን ይይዘዋል።