የጭስ ማውጫን በፋሻ መጠቅለል፦ ጥያቄና መልስ

ሄደር የምንለው ከቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ ከሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ላይ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ጭስ በየራሱ ቱቦ ተቀብሎ ወደ አንድ የሚያገናኘው የጭስ ማውጫው የመጀመሪያ ክፍል ነው። ሙቀቱ እንዳያመልጥ በዚህ ቱቦ ላይ ስለሚጠመጠመው ጥብጣብ፣ ማለትም ስለ ፋሻው፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ በአንድነት እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሄደሩን በፋሻ ብጠቀልለው የመኪናዬ ጉልበት ይጨምራል ይሉኛል። እውነት ነውን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ ፋሻውን ለዚህ ብቻ ብለው የሚገዙት ከሆነ ግን ገንዘብዎን ቢይዙ እመርጣለሁ። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ሙቀቱን ያልለቀቀ ጭስ ፍጥነቱን ይዞ ስለሚወጣ ሲሊንደሩ በቀላሉ ይጸዳል፣ በኮፈኑ ሥር ያለው አየር ሲቀዘቅዝም ሞተሩ የሚስበው አየር ይጠጥራል፤ አየር በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር ጥግግቱ 3 በመቶ ያህል ይጨምራልና። ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች የአየር መሳቢያ አፍ ከፊት ለፊት ስለሚገኝ የሄደሩ ሙቀት ቀድሞውንም ብዙ አይደርስበትም። በተጨማሪም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ይህን ጉድለት የሚሞላ ፋሻ የለም። ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ሞተር ጉዳይ ይለያል፤ ተርባይኑን የሚያሽከረክረው የጭሱ ሙቀትና ግፊት በመሆኑ፣ በመንገድ ላይ ያልባከነ ሙቀት ለእርሱ ሥራ ይሆንለታል።

በእኔ አመለካከት የፋሻው ዋና ጥቅም የሄደሩን ጎረቤቶች ማዳኑ ነው። ከሄደሩ አጠገብ የሚያልፉ የካንዴላ ገመዶች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የነዳጅና የፍሬን ዘይት ቱቦዎች እንዲሁም የማስነሻው ሞተር በሙቀት የሚቸገሩ ከሆነ፣ መጠቅለል ምክንያት አለው።

ጥያቄ፦ በገበያ ላይ “ታይታኒየም” የሚባለው ፋሻ ከተራው ይሻላልን? ስንት ሜትርስ ይበቃኛል?

መልስ፦ ተራው ፋሻ የሚሸመነው ከመስታወት ክር ነው። “ታይታኒየም” የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ሲሆን ጥሬ ዕቃው ግን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ተራው ፋሻ እንደ ሥሪቱ ያለማቋረጥ ከ540 እስከ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀት ይችላል። የቤንዚን ሞተር ጭስ በከባድ ጭነት ጊዜ ከ800 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ዳገት ለሚበዛበት ወይም ቱርቦ ላለው መኪና የበለጠ ሙቀት የሚችለውን የድንጋዩን እመርጣለሁ፤ በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ መኪና ግን ተራው ይበቃል።

መጠኑን ለማስላት አያስቸግርም። ቱቦው 42 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረው ዙሪያው 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ፋሻ በ6 ሚሊ ሜትር እያነባበሩ ሲጠመጥሙ፣ ለ1 ሜትር ቱቦ ከ3 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ፋሻ ይፈጃል። ስለዚህ የአራቱ ሲሊንደሮች ቱቦዎች እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ወደ 8 ሜትር ያስፈልጋል፤ የተለመደው የ15 ሜትር ጥቅል ተርፎ ይቀራል። የተረፈ ስላለ ብለው ግን ደራርበው አይጠቅልሉት፤ ድርቡ በበዛ ቁጥር ቱቦው ይበልጥ ይግላል።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚጠቀለለው? በውኃ ይነከራልን?

መልስ፦ ሄደሩ ከመኪናው ላይ ወርዶ ቢሠራ ይመረጣል። አስቀድሞ ዘይቱና ዝገቱ ይጸዳል፤ ስንጥቅ ካለም መበየድ ያለበት በዚህ ጊዜ ነው፣ ከተሸፈነ በኋላ የሚያየው የለምና። የመስታወቱን ፋሻ ለጥቂት ደቂቃ በውኃ ቢነክሩት ይለሰልሳል፣ ብናኙም ይቀንሳል። የድንጋዩን ፋሻ ግን ብዙዎቹ አምራቾች በደረቁ እንዲጠመጠም ስለሚያዝዙ መመሪያውን ያንብቡ። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ይህን ንቆ ሌሊቱን ሙሉ ክንዱን ሲያክ ያደረ ሰው፣ ማለትም እኔ፣ ይመክርዎታል።

በቴስታታው በኩል ይጀምሩ፤ ብሎኖቹ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ እንደገና መጥበቅ ስለሚኖርባቸው፣ በቁልፍ የሚደረስበት ክፍት ቦታ ይተዉላቸው። እያንዳንዱን ቱቦ ለየብቻው፣ ፋሻውን ወጥረው እየያዙ እስከ መገናኛው ድረስ ይጠምጥሙ። ጫፎቹንና መታጠፊያዎቹን ከማይዝግ ብረት በተሠራ ማሰሪያ ይሰሩ፤ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይቀልጣል። ፋሻው ሳይወጠር ከቀረ ደግሞ ይላላል፤ ምክንያቱም ብረት ሲግል ይረዝማል፣ 1 ሜትር የማይዝግ ብረት ቱቦ በ600 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ያጥራል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር አይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ጠቅልዬ ሞተሩን ሳስነሣ ጨሰ። ልፍራ?

መልስ፦ አይፍሩ። ክሩን የያዘው ማጣበቂያና የቀረው ርጥበት እየተቃጠሉ ነው። ከቤት ውጭ ያስነሡት፣ ጭሱንም አይተንፍሱት። ከበርካታ ጉዞዎች በኋላ ካልቆመ፣ ወይም የዘይት ሽታ ካለው፣ የሚፈስ ዘይት ይፈልጉ፤ ዘይት የጠጣ ፋሻ እንደ ፋኖስ ክር ይነድዳል።

ጥያቄ፦ የዛሬ ሁለት ዓመት የጠቀለልኩትን ፋሻ ስፈታው ቱቦው እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። ፋሻው መጥፎ ነበርን? (ከሚኒሶታ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ፋሻው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ የጎዳዎትም ይኸው ነው። ፋሻ ሙቀትን አያጠፋም፣ እንዳይወጣ ያግደዋል እንጂ። እርቃኑን ያለ ቱቦ ሙቀቱን ለአየር እየለቀቀ ከውስጡ ከሚያልፈው ጭስ በጣም ቀዝቅዞ ይኖራል፤ የተጠቀለለ ቱቦ ግን ወደ ጭሱ ሙቀት ይጠጋል፤ ተራ ብረትም በዚያ ሙቀት እየተቃጠለ ይቀረፋል። መኪናው ሲቆም ደግሞ ፋሻው ርጥበት እንደ ስፖንጅ ይይዛል። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገዳችሁ ላይ የሚበተነው ጨው ከዚያ ርጥበት ጋር ሲገናኝ ዝገቱን ያፋጥነዋል። አንዳንድ የሄደር አምራቾች ምርታቸው በፋሻ ከተጠቀለለ ዋስትናውን የሚሰርዙት ለዚህ ነው። እዚህ አገር ጨው ባይበተንም፣ ክረምቱና በየሳምንቱ በላቫጆ ሞተር ላይ የሚረጨው ውኃ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ።

አዲሱን ሄደር የሚገዙት ከማይዝግ ብረት ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል፤ ለእርስዎ አገር አየር ግን የሴራሚክ ቅብ እመርጣለሁ። ዋጋው ከፋሻ ይበልጣል፣ ነገር ግን ውኃ አይዝም፣ ስንጥቅም አይደብቅም።

ጥያቄ፦ ከፋብሪካ የመጣውን፣ በሄደር ፈንታ የሚገኘውን፣ በቅርጽ ማፍሰሻ ከብረት የተሠራ የጭስ መሰብሰቢያ (ማኒፎልድ) እና የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርስ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይጠቅልሉ። ማኒፎልዱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ኮንቨርተሩም ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ከታፈነ ውስጡ ሊቀልጥ ይችላል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቆርቆሮ የሙቀት መከለያ፣ በጥገና ወቅት ተነሥቶ ከቀረ፣ መልሰው ያሳስሩት።

ጥያቄ፦ የገዛሁት አሮጌ መኪና ሄደር ላይ ግራጫ ገመድ ተጠምጥሟል። ቆርጬ ልጣለው?

መልስ፦ በደረቁ አይንኩት። ቀድሞ ለዚህ ሥራ አስቤስቶስ ይውል ነበር፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ በዓይን አይቶ ከመስታወት ክር መለየትም አይቻልም። ስለዚህ አስቤስቶስ እንደሆነ ቆጥረው ሥራውን መከላከያው ላለው ባለሙያ ይስጡ፤ እስከዚያውም አይፋቁት፣ በአየር ግፊትም አያጽዱት።